ሐይቁ ተራራ የሆነ ዕለት

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። እኔም የዛሬውን ነገሬን ከሥሩ ለመጀመር አንባቢን ወደ ውጫሌ ልውሰድ። የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ከታሪክ መጻሕፍት የገባችው በአንድ ቃል ጦስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው ቅጂ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀሙ ይችላሉ ይላል። የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን መቻሉን ግዴታ አደረገው። ውሉ አንድ፣ ቀኑ አንድ፤ ቃሉ ግን ሁለት ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ዓድዋ ላይ በደም ተፈታ።

በውጫሌው ውል ተንኮል ነበረ አልነበረም የሚለውን ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ማንም ተንኮል ሳያስብ፣ ሁሉም በቅን ልቡና እየሠራ፣ ቃል ባለመስማማቱ ብቻ የሚደርሰው ስሕተት ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ዛሬ በብዛት የሚገኘው በውል ወረቀት ላይ ሳይሆን ተመራማሪዎች ቁጥርን ወደ ሥዕል በሚለውጡባቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ ነው። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከውጫሌ ወደ ደሴ ሲመጡ መንገድ ላይ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ፣ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሐይቁን ይዞታ የሚመለከት የምክክር ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የጠራውን መሥሪያ ቤት ስም ማንሣት አያስፈልግም። እኔ የተገኘሁት የጥናቱን የአማርኛ ማጠቃለያ እንዳዘጋጅ በቀን ሒሳብ ተቀጥሬ ነው። ዓሣ አጥማጆች፣ ገበሬዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ጥቂት መነኮሳት ተቀምጠዋል። አንዲት ወጣት ተመራማሪ የሐይቁን ወለል የሚያሳይ፣ በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራች። ዙሪያው ሰማያዊ ነው፤ ወደ መኻል ሲገባ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ በመጨረሻም ጫፉ ቀይ የሆነ ነገር ወደ ላይ ተነሥቶ ይታያል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ይህ ተራራ የየት አገር ነው?»

«አባባ፣ ተራራ አይደለም። ይህ የናንተው ሐይቅ ነው።»

«የኛስ ሐይቅ ወደ ታች ነው የሚወርደው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ልጅቷን ላብ አሰመጣት። እኔም ሳቅሁ፤ የኔ ተራ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ እንደቀረው አላወቅሁም ነበር።

በሻይ ሰዓት ጠጋ ብዬ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። የሒሳብ ስሕተት አልነበረም። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚበልጥ ውኃ ነው። በጀልባ ሆኖ የለካው ሰው ጥልቀቱን እንደ ደንቡ ጻፈ፤ ዳር ላይ 10፣ ገባ ሲል 40፣ መኻል ላይ 80። ሥዕሉን የሠራው ፕሮግራም ግን የተሰጠውን ቁጥር ከፍታ ነው ብሎ ገመተ። ለከፍታ ደግሞ 80 ከ10 ይበልጣል፤ ስለዚህ መኻሉን አነሣው። ለካዩ «ምን ያህል ይወርዳል?» ለሚለው ጥያቄ መለሰ፤ ፕሮግራሙ «ምን ያህል ይወጣል?» ብሎ አነበበ። ከሁለቱ አንዱም አልዋሸም። በመካከላቸው የጠፋው «ጥልቀት» የሚል አንድ ቃል ነው፤ በመዝገቡ ራስጌ ላይ ከአንድ የላቲን ፊደል በቀር የተጻፈ ነገር አልነበረምና።

ዓለም ይህን ችግር አላየውም ማለት አይደለም። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ለመረጃ መዝገቦቻቸው ያወጡትና የመጀመሪያው ቅጹ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነ አንድ የስምምነት ደንብ አለ። ደንቡ ለሚለካው ነገር ሁሉ መደበኛ ስም ከነመለኪያው ይደነግጋል፤ ቁመትን ወይም ጥልቀትን የሚናገር ቁጥር ደግሞ የሚጨምረው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚለውን በግልጽ እንዲናገር ያዛል። አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ወደ ታች»። እሷ ብትጻፍ ኖሮ ሽማግሌው አይስቁብንም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ወቀሳዬ በመሣሪያው ላይ አይደለም። ስምምነቱ እያለ ቁጥሩን ያለ ስም የምንልክ ሰዎች ላይ ነው።

የሰባ ሰባቱ ዘንግ

ከሻይ በኋላ የዝናብ መጠን የሚያሳይ ሥዕል መጣ። በየዓመቱ አንድ አንድ ዘንግ የቆመበት ነው፤ ረጅሙ ብዙ ዝናብ፣ አጭሩ ድርቅ። ይህ ሥዕል እኔ ባዘጋጀሁት ማጠቃለያ ውስጥም ነበር፤ በየዓመቱ ሥር «ዓ.ም.» የሚለውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። በአማርኛ ዓመተ ምሕረት ያልተከተለው ዓመት ዕርቃኑን የቆመ ይመስለኝ ነበርና፣ ከእንግሊዝኛው የገለበጥሁትን ቁጥር ሁሉ ሳላመነታ አለበስሁት። ከኋላ ከተቀመጡት አንዲት እናት ተነሡ። ጣታቸውን ከ1977 በላይ ወደ ቆመው ዘንግ ቀሰሩ። ዘንጉ ከጎረቤቶቹ እምብዛም አያንስም።

«በሰባ ሰባት ዝናብ ነበረ ነው የምትሉን?»

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ወሎ ውስጥ ሰባ ሰባት ቁጥር አይደለም። የቤተ ሰብ ስም እንደሚጠራ የሚጠራ ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር 1977 ማለት በኛ 1969ንና 1970ን የሚያዋስን ዓመት ነው። የኛ 1977 ደግሞ በፈረንጁ 1984ንና 1985ን ይይዛል። ድርቁ ሥዕሉ ውስጥ አልጠፋም፤ ሰባት ስምንት ዘንግ ወደ ቀኝ ርቆ፣ ባልተወለደበት ስም ተቀምጧል። ጥፋቱ የኔ ነበረ። ግን የኔ ብቻ አልነበረም። ቀደም ብዬ ያነሣሁት የአየር ንብረት ደንብ የዘመን አቆጣጠር ስም እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ ግሪጎርያን አለ፣ ዩልዮስ አለ፣ ዓመቱን ሁሉ ባለ 360 ቀን የሚያደርግ ለኮምፒውተር ስሌት የተፈጠረ አቆጣጠር እንኳ አለ። በተዘረዘሩት ውስጥ የኢትዮጵያው የለም። በምድር ላይ ማንም የማይኖርበት ዓመት ስም አግኝቶ፣ ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ስም አላገኘም።

ጉዳዩ ከስሜት ያለፈ ነው። የሐይቁ ውኃ ከቀድሞው ይልቅ መደፍረሱን ያጠኑ ሰዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ቆረሶ ዓሣ ወደ ሐይቁ መግባቱ ነው፤ የገባውም እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ይህን ቁጥር እንደኔ «ዓ.ም.» ያለበሰ ሰው ዓሣው ከታላቁ ድርቅ በኋላ ገባ ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ግን ቀድሞ መግባቱ ነው። ምክንያትና ውጤትን ለሚመረምር ሰው ደግሞ «የቱ ቀደመ?» ከሚለው የሚበልጥ ጥያቄ የለም።

የሐይቁን ደለል እየቆፈሩ የጥንቱን የአየር ንብረት የሚያነቡ ተመራማሪዎችም የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ዘመኑን «ከዛሬ በፊት ይህን ያህል ዓመት» እያሉ ይቆጥራሉ። በዚያ ሙያ «ዛሬ» ማለት ግን እ.ኤ.አ. 1950 ነው፤ በስምምነት የቆመ ዛሬ። ለባለሙያው ምንም ችግር የለበትም። ቃሉን ሳያውቅ ለተረጎመው እንደኔ ላለ ጋዜጠኛ ግን ሰባ ዓመት በላይ የሚያስት ወጥመድ ነው። የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ የዘመን መደበላለቅ የሚደርሰው በሐይቅ እስጢፋኖስ አገር መሆኑ ነው። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም አበምኔት በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ነበረው። ለዛሬው ሥዕሎቻችን ዐቃቤ ሰዓት የሚሆን ማን ነው?

በልግን ማን ቆረጠው?

ሦስተኛው ነገር በአዳራሹ ማንም ያላየው ነው። እኔም ያየሁት ከደነገጥሁ በኋላ ወረቀቱን ደጋግሜ ሳነብ ነው። በአንዱ ገጽ ላይ ዝናቡ በወቅት ተከፍሎ ቀርቧል። ለዚህ ሥራ በሰፊው የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች «በወቅት ክፈል» ሲባሉ ዓመቱን ሦስት ሦስት ወር አድርገው ይሸነሽኑታል፤ የመጀመሪያው ክፍል ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ሁለተኛው ከማርች እስከ ሜይ፣ እንዲህ እያለ። ለአውሮፓ አየር የተሰፋ ልብስ ነው። የኛ ሚቲዎሮሎጂ ግን በልግን ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምትን ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በጋን ከጥቅምት እስከ ጥር ይቆጥራል፤ አራት አራት ወር። እንግዲህ በዚያ መቀስ የበልግ የመጀመሪያ ወር ተቆርጦ ከበጋው ጋር ይሰፋል። የመስከረም ዝናብም ከክረምቱ ተገንጥሎ ለብቻው ይቀራል።

የደቡብ ወሎ ገበሬ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። በደጋው በበልግ ዝናብ ተዘርቶ የሚበላ እህል አለ። በቆላው ደግሞ ለመኸር የሚደርሰው ረጅም ዕድሜ ያለው ማሽላ የሚዘራው በበልጉ ርጥበት ነው። የበልጉ ዝናብ መዘግየቱንና መጉደሉን የሚያሳይ ሥዕል የመጀመሪያውን ወር ከጎደለው፣ ምልክቱን ጎደለው ማለት ነው። በዚያ ሥዕል ተመርቶ «የበልጉ ዝናብ ደህና ነበር» የሚል ሰው አይዋሽም። የተናገረው ስለሌላ በልግ ነው።

በዚህ ላይ ትርጉም ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። የፈረንጁ ብርድ ወራት በመዝገበ ቃላቶቻችን ብዙ ጊዜ «ክረምት» ተብሎ ይተረጎማል። ስለዚህ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለውን ደረቅ ወራት በአማርኛ ሥዕል ላይ «ክረምት» ተብሎ ብናገኘው አይግረመን። እኛም ብንሆን በመካከላችን አልተስማማንም። በባሕረ ሐሳቡ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ በጋ ደግሞ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው። የሚቲዎሮሎጂው በጋ ሲያልቅ የባሕረ ሐሳቡ በጋ ገና አልተጋመሰም። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ማንኛቸውም ይጣል አልልም፤ የቱ እንደሆነ ይጻፍ ነው የምለው።

ሰዋስው ያለ መዝገበ ቃላት

የሥዕል ቋንቋ የራሱ ሊቃውንት አሉት። ፈረንሳዊው ዣክ ቤርታን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ቅርጽ፣ መጠን፣ ቀለም፣ አቅጣጫና የመሳሰሉት እንደ ፊደል የሚያገለግሉበትን ሥርዐት ዘረጋ። አሜሪካዊው ሊላንድ ዊልኪንሰን ደግሞ በ1999 የሥዕላዊ መግለጫን ሰዋስው የሚተነትን መጽሐፍ አወጣ፤ ዛሬ ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸው አንዳንድ ታዋቂ ፕሮግራሞች በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ሰዋስው ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚገጣጠም ይነግረናል እንጂ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አይነግረንም። ሰዋስው የጠበቀ ዓረፍተ ነገር ውሸት ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ የኔ የሰባ ሰባት ዘንግም በሰዋስው በኩል እንከን አልነበረበትም።

ፕሮግራሞቹ እርስ በርሳቸውም አይግባቡም። ፓራቪው የተባለው የሳይንስ ሥዕል መሥሪያ «ሴል» የሚለውን ትንሽ የቦታ ቁራጭ፣ የሱው ተፎካካሪ ቪዚት «ዞን» ይለዋል። አንዱን የተማረ ሌላውን ሲከፍት እንግዳ ይሆናል። ይህን ደሴ ላይ ለሚሠራ ባለሥልጣን ብንነግረው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ለሱ ዞን ማለት ደቡብ ወሎ ነው፣ ሴል ማለት ደግሞ ወይ የፓርቲ ኅዋስ ወይ የእስር ቤት ክፍል ነው። ካርታ ሠሪዎች «ትልቅ መስፈርት» ሲሉ ትንሽ ቦታን አጉልቶ የሚያሳይ ካርታ ማለታቸው ነው፤ ሌላው ሳይንቲስት በዚያው ቃል ሰፊ ቦታን ይረዳል። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ተስማማን ብለው ይለያያሉ።

በኛ በኩል ቃል ለመፍጠር የተደከመው ድካም ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያሰናዳው የእንግሊዝኛ–አማርኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የብዙ ሰው ላብ ያለበት ሥራ ነው፤ አላቃልለውም። ሆኖም አንድን ቃል ከመፍጠርና አንድን ቃል ከመስማማት የቱ ይከብዳል ቢባል ሁለተኛው ነው። «መረጃ» የሚለውን ውሰዱ። ገና ያልተተነተነ ቁጥርም መረጃ ነው፤ ተተንትኖ የወጣው ዕውቀትም መረጃ ነው፤ የስለላ ሥራም መረጃ ነው። ታዲያ ተመራማሪው ገጠር ወርዶ «መረጃ ልሰበስብ መጥቻለሁ» ሲል ገበሬው ቢሸሸው ምን ይፈረዳል? በአንጻሩ «ደጋ»፣ «ወይና ደጋ»፣ «ቆላ» የሚሉትን ማንም ኮሚቴ አልፈጠራቸውም። ገበሬው፣ የጂኦግራፊ መምህሩና የውጭ አገር ተመራማሪው ሁሉ ይጠቀሙባቸዋል። እዚህ ላይ የሚቀረው ወሰናቸውን መስማማት ብቻ ነው፤ አንዱ ወይና ደጋን 2,300 ሜትር ላይ ሲያቆመው ሌላው 2,500 ያደርሰዋልና፣ በሁለቱ ካርታዎች መካከል አንድ መንደር ቤቱን ሳይለቅ ከወይና ደጋ ወደ ደጋ ይዛወራል።

ስምምነት ይቻላል ወይ የሚለኝ ቢኖር የፊደላችንን ታሪክ አስታውሰዋለሁ። በፓወር ግዕዝ የተጻፈን ጽሑፍ በቪዥዋል ግዕዝ ሲከፍቱት ትርጉም የሌለው ቅራቅንቦ ይሆን እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊና የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለ«ሀ» የየራሱን ቁጥር ሰጥቶ ነበር እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሲካተት ለያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ተሰጠ፤ ቀስ በቀስም ነገሩ ተረጋጋ። ፊደሉ ግን ተስማማ እንጂ ቃሉ አልተስማማም። ሐይቅን በሐመሩ «ሐ»፣ በሃሌታው «ሀ»፣ በብዙኃኑ «ኀ» የሚጽፍ አለ። በላቲን ደግሞ አንዱ በ«ኬ»፣ አንዱ በ«ኪው» ይጨርሰዋል፤ «ሉጎ» የሚለውን ስም የሚጠቀምም አለ። ለኮምፒውተር እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ውኆች ናቸው። መዛግብቱን ሰብስቦ አንድ ሥዕል ማድረግ የፈለገ ተማሪ አንዱን ሐይቅ አምስት ቦታ ያገኘዋል።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ሁሉን ባንድ ቃል ማሰር ምርምርን ማሰር አይሆንም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ያገኘሁት ከዚያው ከአምባሰል ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የተጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ነው። ዘፋኙ «በአምባሰል» ሲል ክራር መቺው ክሩን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ ክርክር የለም። ባለ ፒያኖውም ቢመጣ ያንኑ ስም ሰምቶ ይገባበታል። ይሁንና የሁለት ዘፋኞች አምባሰል አንድ ሆኖ አያውቅም። ስሙን መስማማታቸው ዜማቸውን አልወሰደባቸውም። የኔም ጥያቄ ከዚህ አያልፍም፤ ከመዝፈናችን በፊት ቅኝቱን እንጥራ።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አራት ነገር ይጻፍ፤ ዓመቱ የማን አቆጣጠር እንደሆነ፣ ቁጥሩ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች የሚጨምረው፣ ወቅቱ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው እንደሆነ፣ ቦታው በሌላ አጻጻፍ ምን እንደሚባል። ፕሮግራም ሠሪዎቹም፣ ብዙዎቹ ዛሬ የኛው ልጆች ናቸውና፣ የኛን ዘመንና የኛን በልግ ስም ይስጡት። እኔ በበኩሌ ማጠቃለያውን እንደገና ጽፌ በየዓመቱ ጎን ሁለቱንም አቆጣጠር አስገብቻለሁ፤ ድርቁም ወደ ዓመቱ ተመልሷል። የጠየቁን እናት አዲሱ ወረቀት ይድረሳቸው አይድረሳቸው ግን አላውቅም። የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው፤ እሳቸው የሚያስታውሱት ያንን የመጀመሪያውን ዘንግ ነውና።

በመመለሻዬ አውቶቡስ ስጠብቅ አሰብሁ። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ መንገዱ አጭር ነው።